የሉፕ አመጣጥና የፊደላችን ቆጠራ በጃቫስክሪፕት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በድረ ገጽ ቋንቋዎች፣ ይልቁንም ጃቫስክሪፕት በሚባለው ውስጥ፣ ሉፕ የተባለው የአጻጻፍ ስልት ከየት እንደመጣና ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ እንዴት እንደያዘ መመርመር ነው። ሉፕ ማለት ለኮምፒዩተር አንድን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ብዙ ጊዜ እንዲፈጽመው ማድረግ ነው። በአማርኛ ዙር ቢባል ከትርጕሙ ስለማይርቅ ሁለቱንም ቃላት እያፈራረቅን እንጠቀምባቸዋለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሉፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው እንደ ሰዋስው ደንብ ነው። ፎር እንዲህ ይጻፋል፣ ዋይል እንዲህ ይጻፋል ይባላል፤ ተማሪውም ቅንፉንና ሰረዙን ሸምድዶ ያልፋል። እኛ ግን ጉዳዩን በታሪክ ዓይን ስንመለከተው፣ እያንዳንዱ የሉፕ ዓይነት በአንድ ዘመን የነበሩ ሰዎች ለሦስት ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ሆኖ አግኝተነዋል። ጥያቄዎቹም ዙሩ ከየት ይጀምር፣ አንድ እርምጃ የሚባለው ምን ያህል ነው፣ መቼስ ይቁም የሚሉት ናቸው። ስለ መጀመሪያውና ስለ ሦስተኛው ብዙ ተብሏል። ሁለተኛው ግን እንደ ተራ ነገር ይታለፋል፤ የኛን ፊደል ከሁሉ ይበልጥ የሚነካው ግን እርሱ ነው።

የሐሳቡ መነሻ ከኤሌክትሪክ ኮምፒዩተር በፊት ይገኛል። ቻርልስ ባቤጅ የተባሉት እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ አናሊቲካል ኤንጂን ብለው የሰየሙትን የሒሳብ መኪና ሲነድፉ፣ ትእዛዙ በተበሳ ካርድ እንዲሰጥ አሰቡ። ይህም በፈረንሳይ አገር ዣካርድ የተባሉት ሰው የሸማኔን ዕቃ ለመምራት ካዋሉት ካርድ የተወሰደ ነው። የዣካርድ ካርዶች እርስ በርሳቸው ተሰፍተው እንደ ሰንሰለት ስለሚዞሩ ያው ጥለት ተመላልሶ ይወጣል። እንግዲህ ዙር በመጀመሪያ የሸማኔ ሥራ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። አዳ ላቭሌስ በ1843 የኢጣልያዊውን የሜናብሬአን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው ባወጡ ጊዜ፣ ከጽሑፉ እጅግ የሚረዝም ማስታወሻ ከራሳቸው ጨመሩበት። በዚያም ውስጥ ካርዶቹ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና እንዲነበቡ ስለሚያደርገው ዘዴ ጻፉ፤ የሚደጋገመውንም የሥራ ክፍል ዑደት ብለው ጠርተው፣ ዑደት በዑደት ውስጥ ሊኖር እንደሚችል አስረዱ። ለምሳሌ የሠሩትም በርኑሊ የሚባሉትን ቍጥሮች የማስላት ተግባር ነው። መኪናው ግን ተሠርቶ ሳያልቅ ስለ ቀረ ዑደቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቆየ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1944፣ ማርክ አንድ የተባለው መኪና ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ሐሳቡን ያመነጩት ሃዋርድ ኤይከን ሲሆኑ የሠራው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ነው። ይህ መኪና ትእዛዙን የሚያነበው ከረዥም የተበሳ ወረቀት ነበር። አንድ ሥራ እንዲደጋገም ሲፈለግ የወረቀቱ ጫፍ ከጫፉ ጋር ተጣብቆ እንደ ቀለበት ይደረጋል፤ መኪናውም ያንኑ ቀለበት እያዞረ ያነባል። በእንግሊዝኛ ሉፕ የገመድ ወይም የክር ቀለበት ማለት ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ሉፕ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነበር ማለት ነው። ጕድለቱ ያለው መኪናው በመጀመሪያ ሲሠራ የደረሰበትን ውጤት አይቶ ወደ ሌላ ትእዛዝ የመሻገር ችሎታ ስላልነበረው ነው። ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው ለማለፍ የሰው እጅ ያስፈልግ ነበር። መቼ ይቁም ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጠገቡ የቆመው ሠራተኛ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ጥያቄ መኪናው ራሱ ሲመልሰው በግልጥ የሚታየው በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ በ1948 ነው። እዚያ የተሠራው ትንሽ መኪና፣ በቅጽል ስሙ ቤቢ፣ ትእዛዙንም ቍጥሩንም በአንድ ማኅደር ይይዝ ነበር፤ ማኅደሩም 32 ቦታ ብቻ ነበረው። ሰኔ 21 ቀን ቶም ኪልበርን የጻፉት ፕሮግራም በላዩ ሠራ። ሥራው ለ262144 ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን፣ ከራሱ በታች ያለውን ትልቁን ቍጥር መፈለግ ነበር። መልሱ 131072 እንደሚሆን ማንም ተማሪ በቃሉ ሊናገር ይችላል፤ ነገር ግን የተፈለገው መልሱ ሳይሆን መኪናው ሳይሳሳት ብዙ ጊዜ መሥራት መቻሉ ስለ ነበረ፣ ፕሮግራሙ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች አንድ በአንድ እየቀነሰ ቍጥሮቹን ሁሉ እንዲሞክር ተደረገ። መኪናው ማካፈል ቀርቶ መደመርም አያውቅም፤ የሚያውቀው መቀነስ ብቻ ነው። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ዝለል የሚል አንድ መፈተኛ ግን ነበረው። በዚህ አንድ መፈተኛ አማካይነት 17 ትእዛዝ 52 ደቂቃ እየተመላለሰ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሥራ ፈጸመ።

በእኛ አስተያየት ስለ ሉፕ የሚነገረው ሁሉ በነዚህ ቍጥሮች ውስጥ ይገኛል። 17 መስመር ጽፎ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ሥራ ማሠራት ከተቻለ፣ ጸሐፊው ያልጻፈውን እጅግ ብዙ ሥራ አዟል ማለት ነው። እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኑ ሊከታተል አይችልም። ስለዚህ የዙሩን መጀመሪያ፣ እርምጃና መጨረሻ አስቀድሞ በትክክል መወሰን ይኖርበታል፤ አንዱን ቢስት ስሕተቱ ከዙሩ ጋር ይባዛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ይህን ውሳኔ በአንድ መስመር ለመግለጥ የሚያስችል ቋንቋ የተፈለገበት ነው። በዙሪክ ሃይንስ ሩቲስሃውዘር ከ1949 እስከ 1951 ባዘጋጁት ሱፐርፕላን በሚባል ቋንቋ ውስጥ ፊውር የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ለዙር መጠሪያ አደረጉት፤ ትርጕሙም እንደ እንግሊዝኛው ፎር ነው። እርሳቸው በኋላ አልጎል የሚባለውን ቋንቋ ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዱ ስለ ነበሩ፣ ፎር የሚለው ቃል በአልጎል በኩል ወደ ብዙ ቋንቋዎች ገባ። በአሜሪካ በኩል በ1957 በጆን ባከስ መሪነት ለአይ.ቢ.ኤም. መኪና የወጣው ፎርትራን ዱ የሚል ትእዛዝ ነበረው። ይህ ዱ ፍተሻውን ከሥራው በኋላ ስለሚያደርግ፣ በመጀመሪያዎቹ አሠራሮች አንድም ጊዜ እንዳይሠራ የተፈለገ ዙር እንኳ አንድ ጊዜ ይሠራ ነበር። ቀድሞ መፈተሽና ሠርቶ መፈተሽ የተለያዩ መሆናቸውን ዛሬ ዋይል እና ዱ ዋይል ተብለው በሁለት ስም መጠራታቸው ያሳያል።

በነዚሁ ዓመታት ዙርን ያለ ፎርና ያለ ዋይል፣ ጎቱ በሚባለው የዝላይ ትእዛዝ ብቻ መጻፍ የተለመደ ነበር። ወደ ላይ ከተዘለለ ዙር ይሆናል፤ ወደ ታች ከተዘለለ ዙሩ ይቋረጣል። በ1966 ኮራዶ በም እና ጁሴፔ ያኮፒኒ የተባሉ ኢጣልያውያን ማንኛውም ፕሮግራም በሦስት ነገሮች፣ ይኸውም በቅደም ተከተል፣ በምርጫና በዙር ብቻ ሊገነባ እንደሚችል አስረዱ። በመጋቢት 1968 ደግሞ የሆላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ ጎቱ ጎጂ ነው የሚል ደብዳቤ አሳተሙ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ ዶናልድ ክኑት በ1974 ጎቱ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ ብለው በሰፊው ጻፉ። እኛ በክርክሩ ውስጥ የምናደንቀው የዳይክስትራን ምክንያት ነው። ሰው በጊዜ ውስጥ የሚሆነውን ነገር በአእምሮው መከታተል ያዳግተዋል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ በመኪናው ውስጥ ከሚሆነው ሥራ ጋር የተቀራረበ ይሁን የሚል ነው። ጃቫስክሪፕት ጎቱ የለውም፤ ወጣቱ ተማሪ ይህ ምን ያህል ክርክር እንዳስከተለ ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ ጃቫስክሪፕት እንግባ። በግንቦት 1995 ብሬንደን አይክ የተባሉት የኔትስኬፕ ኩባንያ ሠራተኛ የቋንቋውን የመጀመሪያ ናሙና በ10 ቀን ሠሩት። ስሙ በመጀመሪያ ሞካ፣ ቀጥሎ ላይቭስክሪፕት ነበር፤ በታኅሣሥ ወር ጃቫስክሪፕት ተባለ። አለቆቻቸው መልኩ በዚያው ዓመት ብዙ ይወራለት የነበረውን ጃቫን እንዲመስል ስላዘዙ፣ የሉፑ አጻጻፍ ከጃቫ ተወሰደ፤ ጃቫ ደግሞ ከሲ ወስዶት ነበር። ሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ ያወጡት ቋንቋ ነው። በሲ ፎር ውስጥ በቅንፍ የሚቀመጡት ሦስት ክፍሎች፣ ይኸውም መነሻው፣ መፈተኛውና እርምጃው፣ ከመግቢያው የቈጠርናቸው ሦስት ጥያቄዎች መልስ ናቸው። አንድ ሰው በ10 ቀን የሠራው ቋንቋ የብዙ ዓመታት ልማድ ተሸክሞ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቋንቋው ሲወጣ ከፎርና ከዋይል በቀር ፎር ኢን የሚባል ሦስተኛ ዓይነት ነበረው። ዱ ዋይል በ1999 በወጣው ሦስተኛው የኤክማ ደንብ ተጨመረ። በ2009 ፎር ኢች፣ በ2015 ደግሞ ፎር ኦፍ በደንቡ ውስጥ ገቡ። የኋለኞቹ ሁለቱ ጸሐፊው ቆጣሪ እንዳይዝ ያደርጉታል፤ ዝርዝሩን ይሰጣል፣ ቋንቋው አንድ በአንድ እያነሣ ያቀርብለታል።

ፎር ኢን ብዙ ጀማሪዎችን አሳስቷል። የሚሰጠው ዕቃውን ሳይሆን የዕቃውን ስም ነው፤ የዝርዝር ቦታ ቍጥር እንኳ እንደ ቃል ሆኖ ስለሚመጣ አንድ ለመጨመር የፈለገ ሰው 0 ላይ 1 ጨምሮ 01 ያገኛል። ሌላው ወጥመድ ቫር በሚባለው አሮጌ የማስታወቂያ ቃል የተነሣ የሚመጣ ነው። ጸሐፊው በዙሩ ውስጥ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ የሚሠሩ 10 ሥራዎችን ቢያዝ፣ ቆጣሪው ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ ሥራዎቹ ተራቸው ደርሶ ሲነቁ ዙሩ አልቆ ቆጣሪው 10 ላይ ደርሶ ያገኙታል፤ አሥሩም 10 ብለው ይጽፋሉ። በ2015 የመጣው ሌት ለእያንዳንዱ ዙር የራሱን ቆጣሪ ስለሚሰጥ ይህን አስቀርቷል።

ስለ መቆም አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። አለን ቱሪንግ በ1936 ያስረዱት የሒሳብ ማስረጃ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ይቆም እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል ያሳያል። በድረ ገጽ ላይ ይህ የሊቃውንት ወሬ ብቻ አይደለም። ገጹን የሚያሳየውና ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው አንድ ተራ ስለሆነ፣ የማይቆም ዙር ከገባ ቍልፉም ጽሑፉም አይንቀሳቀስም። ብራውዘሩ ዙሩ ይቆም እንደሆነ ሊያውቅ ስለማይችል ጊዜ ቈጥሮ ልጠብቅ ወይስ ላቋርጥ ብሎ አንባቢውን ይጠይቃል። በማርክ አንድ ዘመን አጠገቡ ይቆም የነበረው ሰው በዚህ በኩል ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የቀረው እርምጃ ነው። አንድ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ለዚህ ከፊደላችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ይኸውም ለዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ ቍጥር በሚሰጠው ደንብ፣ ሦስተኛ እትም ውስጥ በ1999 ገባ። ሀ 4608 ተብሎ ተቈጠረ። ያንን ያዘጋጁት ሰዎች ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ቦታ ስለ ሰጡ፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ተማሪ ፊደል ገበታውን በድረ ገጽ ላይ ለማውጣት ሦስት መቶ ፊደል አንድ በአንድ መጻፍ አያስፈልገውም። ውጪኛው ዙር ቤቶቹን፣ ውስጠኛው ዙር ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይቈጥራል፤ ቍጥሩም 4608 ሲደመር ስምንት ጊዜ ቤቱ ሲደመር ተራው ይሆናል። አዳ ላቭሌስ ዑደት በዑደት ውስጥ ያሉት ይህንኑ ነው። ከሀ እስከ ቀ ያሉት ዘጠኝ ቤቶች በዚህ መንገድ 63 ፊደል ሆነው በትክክል ይወጣሉ።

እዚህ ላይ መነሻው ዜሮ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ቆጠራው ከ፩ ይጀምራል፤ ልማዳችንም ግእዝን አንደኛ፣ ካዕብን ሁለተኛ ማለት ነው። በኮምፒዩተሩ ቆጠራ ግን ግእዝ 0፣ ሳብዕ 6 ነው። በልማዱ ከ1 እስከ 7 የቈጠረ ተማሪ ለ በሚለው ቤት ላይ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ሏ ያገኛል፤ ግእዙ ጠፍቶ ዲቃላው በሳብዕ ቦታ ገብቷል። የሉፕ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ጫፍ ላይ የሚገኝ በአንድ የመዛነፍ ስሕተት ነው ሲባል የሚሰማው ይህ ነው።

ከቀ ቀጥሎ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚቀጥለው ቤት የቈ ነው። ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ አምስት ብቻ ናቸው፤ ካዕብና ሳብዕ የላቸውም። ዙሩ 4681 እና 4686 ላይ ሲደርስ በዩኒኮድ ያልተሰጠ ባዶ ቦታ ያገኛል፤ በገጹም ላይ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ቦታዎቹን ባዶ የተዉት በጥንቃቄ ነው፤ ሣልሱ ከሣልስ በታች፣ ሳድሱ ከሳድስ በታች እንዲውል አድርገዋል። ሰባት እኩል እርምጃ ብሎ የጻፈው ጸሐፊ ግን የፊደሉን ጠባይ ሳይሆን የገበታውን መልክ ነው የተከተለው። ይህን ለማረም ዙሩ በየእርምጃው ይህ ቦታ ፊደል አለውን ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ይገባል፤ እንዲህ ሲሆን የዙሩ ውበት ይቀንሳል፣ ገበታው ግን ይስተካከላል።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ግን የመጣው ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር ነው። ጃቫስክሪፕት ሲሠራ 65536 ቦታ ለዓለም ጽሕፈት ሁሉ ይበቃል ተብሎ ይታሰብ ነበርና፣ ቋንቋው ጽሑፍን የሚለካው በዚያው መጠን በተከፋፈለ ክፍል ነው። ግምቱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከዚያ በላይ ያለ ፊደል ሁለት ክፍል እንዲይዝ ተደረገ። የአማርኛና የትግርኛ ፊደል በታችኛው ክልል ውስጥ ስለሆነ ለረዥም ጊዜ ይህ እኛን አልነካንም፤ በቦታ ቍጥር የሚሄደው አሮጌው ፎር አማርኛን ያለ እንከን ይቈጥራል። በ2021 ግን በአሥራ አራተኛው የዩኒኮድ እትም ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ተጨማሪ ፊደላት ገቡ፤ ቦታቸውም ከ124896 ጀምሮ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ፊደላት የያዘ ጽሑፍ በአሮጌው ፎር ሲነበብ እያንዳንዱ ፊደል ለሁለት ይሰነጠቃል። ቋንቋው ርዝመቱን ሲጠየቅ ለአንድ ፊደል ሁለት ብሎ ይመልሳል። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አውጥቶ የሚያሳይ ገጽ ግማሽ ፊደል ያወጣል፤ ግማሹም ምንም አይደለም። የስም ርዝመት የሚወስን ቅጽ ደግሞ ከአማርኛ ስም እኩል የሆነውን የጉራጌ ስም ረዘመ ብሎ ሊመልሰው ይችላል። በፎር ኦፍ የተጻፈ ዙር ግን ፊደሉን ሙሉ አድርጎ ያነሣል፤ ምክንያቱም የ2015 ደንብ አውጪዎች በጽሑፍ ላይ አንድ እርምጃ ማለት አንድ የዩኒኮድ ቍጥር ነው ብለው ስለ ወሰኑ ነው። ሁለቱ ዙሮች በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሲሞከሩ ልዩነት ስለማያሳዩ፣ ገጹን በአማርኛ ብቻ ፈትኖ ያጸደቀ ሰው ስንጥቁን አያየውም። አሮጌውን ፎር በጽሑፍ ላይ የሚጠቀም የአገራችን ፕሮግራም ጸሐፊ ይህን ሳያውቅ አንዱን የአገሩን ቋንቋ ሙሉ፣ ሌላውን ግማሽ አድርጎ እየቈጠረ መሆኑን ልብ ሊለው ይገባል ብለን እናምናለን።

ፎር ኦፍም ቢሆን የመጨረሻው መልስ አይደለም። በመዝገበ ቃላትና በሰዋስው መጻሕፍት ድምፁ የሚጠብቀውን ፊደል ለመለየት ከላዩ ነጥብ ይደረጋል፤ በዓሉን ገናን ገና ካልደረሰው ነገር የምንለየው ና ላይ በሚቀመጠው የጥብቀት ምልክት ነው። ይህ ምልክት በዩኒኮድ የራሱ ቍጥር አለው። በዚህ ምክንያት አንባቢ በዓይኑ ሁለት ፊደል የሚያየውን ቃል ፎር ኦፍ ሦስት ብሎ ይቈጥረዋል፤ ምልክቱንም ከተሸከመው ፊደል ነጥሎ ለብቻው ያቀርባል። ዓይን እንደሚያየው የሚቈርጥ ሴግመንተር የሚባል መሣሪያ በጃቫስክሪፕት ተዘጋጅቷል፤ ፋየርፎክስ በ2024 ሲቀበለው በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ሊሠራ ቻለ። ዙሩ ያው ፎር ኦፍ ነው፤ ጽሑፉ ግን አስቀድሞ በሴግመንተሩ ተቈርጦ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ገና፣ ነጥቡ ኖረም አልኖረም፣ ሁለት ተብሎ ይቈጠራል።